ስለ ትምህርት ዋጋ አከፋፈል

ትምህርት ያለ ዋጋ አይገኝም። ተማሪው ምንም ሳይከፍል የሚማር ቢመስለው እንኳ፥ መምህሩ የሚመገበው እንጀራ፥ መጻሕፍቱና ቤቱ ሁሉ ከሰው ድካም የተገኙ ናቸው። ባለጠጋ አባት ያለው ልጅ ዋጋውን በአባቱ እጅ ይከፍላል። ድኻው ግን የሚከፍልበት ሦስት መንገድ አለው፤ እነርሱም ልመና፥ የእጅ ሥራና ብድር ናቸው።

የመጀመሪያው መንገድ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የቆሎ ተማሪ ከአባቱና ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። ከትምህርቱ በተረፈው ሰዓት በየደጁ እየቆመ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ይለምናል፤ ባላገሩም ካለው ቈርሶ ይሰጠዋል። ለመምህሩም እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል። ይህ ልመና እንደ ስንፍና አይቈጠርም፤ መንደሩ ለሚማር ልጅ እንጀራ ሲሰጥ፥ ነገ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግለውን ሰው ማሳደጉ ነውና።

ሁለተኛው መንገድ የእጅ ሥራ ነው። ለዚህም ቡከር ዋሽንግተን ምሳሌ ይሆናል። ይህ ሰው በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂኒያ፥ በባርነት ከነበረች እናት ተወለደ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. ነፃ ከወጣ በኋላም ገና በልጅነቱ በጨው ማፍያና በከሰል ድንጋይ ጕድጓድ ይሠራ ነበር። በ1872 ዓ.ም. ሃምፕተን ወደሚባለው ተማሪ ቤት ለመሄድ፥ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን መንገድ ጀመረ። ሪችመንድ ከሚባለው ከተማ ሲደርስ ገንዘቡ አለቀ፤ ሌሊት ከእንጨት በተሠራ የእግረኛ መንገድ ሥር እየተኛ፥ ቀን ከመርከብ ብረት እያራገፈ ስንቁን አገኘ። ሃምፕተን ሲገባ በእጁ የቀረው 50 ሳንቲም ብቻ ነበር።

መምህርቱ ልብሱ ያደፈውን ልጅ ባየች ጊዜ ለመቀበል አመነታች። ከብዙ ሰዓት በኋላም አንዱን ክፍል እንዲጠርግ አዘዘችው። እርሱም ሦስት ጊዜ ጠረገ፥ አራት ጊዜ በጨርቅ ወለወለ። መምህርቱም ጠረጴዛውንና አግዳሚውን በመሐረቧ አሻሽታ ትቢያ ብታጣ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ ክፍሎቹን እየጠረገና ጧት እሳት እያነደደ የምግቡንና የማደሪያውን ዋጋ ከፈለ። ነገር ግን ጕልበቱ ሁሉን አልቻለም፤ ለትምህርቱ በዓመት የሚከፈለውን 70 ዶላር አንድ ቸር ሰው ከፈለለት።

ሦስተኛው መንገድ ብድር ነው። በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. ስለ ከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ወጣ። በወጪ መጋራት ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ድርሻውን ከደመወዙ ይከፍላል። ይህ መንገድ ዛሬ ገንዘብ የሌለው ሰው ነገ በሚያገኘው እንዲማር ያደርገዋል። ሆኖም ዕዳ ባለዕዳውን እንደ ጥላ ይከተለዋል። ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ ከመፈረሙ አስቀድሞ የሚፈርመውን ያነባል፥ ከፈረመም በኋላ ቀኑን በዋዛ አያሳልፍም፤ በከንቱ ያለፈ ዓመት ዕዳው ይቀራል እንጂ ፍሬው አይገኝምና።

እንግዲህ ሦስቱ መንገዶች ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ብቻውን የተማረ ሰው የለም። ለቆሎ ተማሪው ባላገሩ፥ ለባለ መጥረጊያው ያ ቸር ሰው፥ ለባለ ውሉም ግብር የሚከፍለው ሕዝብ ከፍሎለታል። ቡከር ዋሽንግተንም ይህን አልዘነጋም። በ1881 ዓ.ም. ቱስኪጊ ለሚባለው ተማሪ ቤት አለቃ በሆነ ጊዜ፥ ድኾች ተማሪዎች እየሠሩ እንዲማሩ አደረገ። ተማሪዎቹም ለቤቱ መሥሪያ የሚሆነውን ጡብ ራሳቸው ሠሩ። ጡቡን ሦስት ጊዜ ቢተኵሱት ሦስቱንም ጊዜ ተበላሸ፤ ገንዘብም አለቀ። እርሱ ግን የኪሱን ሰዓት በመያዣ ሰጥቶ አራተኛውን አስተኰሰ፤ ያም ተሳካ። ቸሩ ሰው ለአንድ ልጅ የከፈለው በዚህ ዐይነት ለብዙዎች ደረሰ።

ስለዚህ ድኻ ተማሪን የሚያሳፍረው አኩፋዳ ማንገት ወይም መጥረጊያ መያዝ አይደለም። የሚያሳፍረው፥ ሌላው የከፈለለትን ትምህርት ሳይማሩ መቅረት፥ ተምሮም ለሌላው አለመትረፍ ነው።