ሽምደዳ ያረጀበት ፈተና

በአሜሪካ ለማስተርስና ለዶክትሬት ትምህርት የሚያመለክቱ ተማሪዎች የሚወስዱት ጂአርኢ፣ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ አንድ ባዕድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን ገትሮ «ተቃራኒው የቱ ነው?» ይል ነበር። ቃሉን ያወቀ ይመልሳል፤ ያላወቀ ይገምታል። በዚያ ዘመን የሽምደዳ ገበያ ደርቶ ነበር። ባሮንስ የተሰኘው አሳታሚ በፊደል ተራ የደረደራቸው 3,500 ያህል ቃላት በየአገሩ እየተባዙ ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል።

በ2011 ነሐሴ የፈተናው ባለቤት ኢቲኤስ የተቃራኒና የዝምድና ጥያቄዎችን አወጣቸው። ዝርዝሮቹ ግን እስከ ዛሬ ከተማሪው እጅ አልወጡም።

አሁን ቃሉ ብቻውን አይመጣም። ለምሳሌ «ሚኒስትሩ በአደባባይ ቁጥብ ቢሆኑም፣ ከወዳጆቻቸው ጋር ሲሆኑ ግን ____ ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀርቦ ስድስት አማራጮች ይሰጣሉ እንበል። ተፈታኙ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንድ ትርጉም የሚያመጡ ሁለት ቃላት መምረጥ አለበት፤ አንዱን ብቻ ያገኘ ነጥብ የለውም። እዚህ ላይ መልሱን የምትጠቁመው «ቢሆኑም» ናት። ከቁጥብነት ተቃራኒ የሆነ፣ ወሬ የሚያበዛ ሰው እንደሚፈለግ ትናገራለች። ለፍላፊ ማለት የሆኑት ሎኳሸስ እና ጋሩለስ የሚመረጡት ከዚህ በኋላ ነው። ከአማራጮቹ መካከል እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ለቦታው የማይሆኑ ጥንድ ቃላትም ይደበቃሉ። ወጥመዱ የተዘረጋው ዓረፍተ ነገሩን ሳያነብ ወደ አማራጮቹ ለሚሮጥ ነው።

ከብርቅዬ ቃላት ይልቅ ብዙውን የሚያስተው የሚታወቀው ቃል ነው። ፍላግ ባንዲራ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በፈተናው ላይ ግን መዛልና መድከም ሆኖ ብቅ ይላል። ኳሊፋይ ብቁ መሆን ብቻ አይደለም፤ የተናገሩትን ነገር ገደብ እያበጁ ማለዘብም ነው። ሳንክሽን ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በዜና የለመድነው ማዕቀብ ሆኖ ሳለ፣ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጽደቅና መፍቀድ ይሆናል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ምሩቅ እነዚህን ቃላት «አውቃቸዋለሁ» ብሎ ስለሚያልፋቸው፣ በማጥኛ ካርዱ ላይ እንኳን አይጽፋቸውም።

ሥረ ቃልን ማጥናት ይረዳል። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ ወዲህ ፈረንሳይኛ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከምሁራን ጋር ደግሞ ላቲን በእንግሊዝኛ ላይ ተደራርበዋል። ነገሩ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ «ሥነ» የምትለውን የግእዝ ቃል የለየ ሰው ሥነ ጽሑፍንም ሥነ ምግባርንም ሥነ ልቦናንም በአንድ በር ይገባባቸዋል። መናገር ማለት የሆነውን የላቲን ሎኪ ያወቀም ሎኳሸስን፣ ኤሎክወንትን እና ሶሊሎኪን በአንድ ያገኛቸዋል። ሆኖም ጆሮ ይሸውዳል። ኢነርቬት ኃይል መስጠትን ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ማዳከም ነው። ላቲኑ ጅማትን ከማውጣት የመጣ በመሆኑ፣ ይህን የሰማ ተማሪ ዳግመኛ አይስተውም።

ቃላቱን አእምሮ ውስጥ የማቆየቱ ጉዳይ የራሱ ጥናት አለው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ ራሱን እየፈተነ አሳይቷል። ጋዜጠኛው ሴባስትያን ላይትነር ደግሞ በ1970ዎቹ የካርድ ሣጥን ዘዴውን አስተዋወቀ፦ የታወቀው ካርድ ዘግይቶ ወደሚታይ ክፍል ይሻገራል፤ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዛሬ በስልክ የሚሠራው አንኪ የተባለ መተግበሪያ ይህንኑ ሐሳብ ይከተላል። በ2006 ደግሞ ሮዲገር እና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ያስታወሱት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ካነበቡ በኋላ ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ደጋግሞ ማንበብ ያወቁ ያህል እንዲሰማ ያደርጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝርዝር ሲያነበንብ ያደረ ተማሪ በራስ መተማመኑ የሚመጣው ከዚህ ይመስላል።

ካርዱ ላይ ቃሉንና የአማርኛ ፍቺውን ብቻ መጻፍም በቂ አይደለም። ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር አብሮ ቢጻፍ፣ ሳንክሽን ሲመጣ የትኛው ፊቱ እንደሆነ ይለያል። ጥሩ መጽሔትና የሳይንስ ጽሑፍ ማንበብ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከፈተናው የቋንቋ ክፍል ግማሽ ያህሉ ረጃጅምና አጫጭር ምንባቦችን መረዳት ነው። ከመስከረም 2023 ወዲህ ክፍሉ አጥሮ 27 ጥያቄዎች በ41 ደቂቃ ይመለሳሉ። ለተሳሳተ መልስ ቅጣት ስለሌለ ባዶ መተው ኪሳራ ብቻ ነው።

ካርዱ ከመገዛቱ በፊት ግን የሚያመለክቱበትን የትምህርት ክፍል ድረ ገጽ ማየት ይበጃል። በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይ ከኮቪድ ወዲህ፣ ጂአርኢን መጠየቅ አቁመዋል ወይም ለአመልካቹ ምርጫ ትተውታል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም አንዱ ክፍል ሲጠይቅ ሌላው ላይጠይቅ ይችላል። የተገኘው ውጤት ደግሞ ለ5 ዓመት ያገለግላል።