ከፓኔሉ ጀርባ ያለው ፊደል

ናይሮቢ የፊደል ጣጣ ያለባት ከተማ አትመስልም። በኢንዱስትሪያል ኤሪያ ፋብሪካዎች ኦፕሬተሩ የሚነካካው ስክሪን በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ስዋሂሊም ቢሆን ከተራዎቹ የላቲን ፊደላት የዘለለ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተዘጋጀው አስኪ የተባለው የፊደላት ኮድ ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ አለው፤ በዓይን የሚታዩት ምልክቶች ደግሞ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 95 ናቸው። ለሁለቱም ቋንቋዎች ይበቃሉ።

ሌላው የኬንያ ቋንቋ ኪኩዩ ላይ ሲደረስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኪኩዩ ሰባት አናባቢ አለው፤ የላቲን ፊደል የሚያቀብለው አምስት ነው። የጎደሉት ሁለቱ በ«አይ» እና በ«ዩ» አናት ላይ የሞገድ ምልክት ተደርጎ ይጻፋሉ፤ የካምባ ቋንቋም እንዲሁ ያደርጋል። እነዚህ ፊደላት አስኪ ውስጥ የሉም። ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተዘጋጀው ላቲን 1 ሰንጠረዥም የሉም። ስለዚህ ስፓኒሽና ጀርመንኛ አሳምሮ የሚያሳይ ፓኔል ለኪኩዩ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2025 ያረፉት ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስማቸው ብቻውን ጥሩ መፈተኛ ነው፦ ሁለቱም ባለ ሞገድ ፊደላት አሉበት፣ ከመጨረሻው ፊደል በፊትም አፖስትሮፍ ገብቷል። አፖስትሮፍ በብዙ የዳታቤዝና የስክሪፕት ቋንቋዎች ጽሑፍ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ምልክት ነው። ሶፍትዌሩ በጥንቃቄ ካልተጻፈ ኦፕሬተሩ ስሙን ሲያስገባ መዝገቡ ስህተት ብሎ ይመልሰዋል።

ከሞያሌ ወዲህ ያለነው እኛ ደግሞ ሁለት ፊደል ሳይሆን ሙሉ ገበታ ነው ይዘን የምንቀርበው። አንድ የአላርም መልእክት እንውሰድ፦ «ፓምፕ 2 ቆሟል፤ ግፊት ዝቅተኛ ነው»። ክፍት ቦታዎቹ ተቆጥረው 22 ምልክት ነው።

በትንንሽ መቆጣጠሪያዎች ላይ የምናያት ባለ ሁለት መስመር ኤልሲዲ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠራው በሂታቺ ኤችዲ 44780 ቺፕ ወይም በእሱ አምሳያ ነው። ፊደላቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ቺፑ ውስጥ የታተሙ ናቸው፤ ተጠቃሚው በራሱ የሚስለው ስምንት ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም በ5 በ8 ነጥብ። «ፓምፕ 2 ቆሟል» ስድስት የግዕዝ ፊደል ስለሚፈልግ ይገባል። ቀሪው ሐረግ ሲጨመር የተለያዩት ፊደላት ከነድርብ ሰረዙ 16 ይደርሳሉ፤ አይገባም። የገቡትም ቢሆኑ «ሟ»ን በአምስት ነጥብ ስፋት ለመሳል የሞከረ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል።

ባለ ቀለም የንክኪ ፓኔሎች ላይ ችግሩ ሌላ ነው። መሐንዲሱ ገጹን የሚነድፈው በኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ገበያ ከወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር ስለሚመጣ ጽሑፉ እዚያ አምሮ ይታያል። ፕሮጀክቱ ወደ ፓኔሉ ሲጫን ግን ፎንቱ አብሮ ካልሄደ የሚቀረው ባዶ አራት ማዕዘን ነው። ፎንቱን መጫን ደግሞ የፈቃድ ጥያቄ ያስነሳል፤ በኮምፒውተር ላይ መጠቀም መቻል በሚሸጥ ዕቃ ውስጥ አሽጎ ማከፋፈልን አይፈቅድም። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በክፍት ፈቃድ የሚገኙ በመሆናቸው እኔ ብሆን ሌላ አልፈልግም።

«ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ማሽኑ አይችለውም» የሚለውን ሰበብ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ሒሳቡ አይደግፈውም። የዓለምን ፊደላት በአንድ በሚሰበስበው የኮድ ሰንጠረዥ በዩኒኮድ፣ ዋናው የግዕዝ ክፍል ውስጥ ያሉት 358 ምልክቶች እያንዳንዳቸው በ24 በ24 ነጥብ ጥቁርና ነጭ ሆነው ቢሳሉ የሚይዙት 26 ሺህ ባይት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. የ1980ው የቻይና መስፈርት 6,763 የቻይንኛ ምልክቶች አሉት፤ በዚያው መጠን 487 ሺህ ባይት ይወስዳሉ፣ የቻይና ፓኔሎችም ይህንን ተሸክመው ይሠራሉ። ግዕዝ እንደ ዓረብኛ ፊደል ከፊደል አይቀጥልም፣ ቅርጹን በቦታው አይለውጥም፣ ከቀኝም አይጀምርም። የጎደለው ማሽኑን ሲገዛ በዝርዝሩ ላይ «አማርኛ ይኑረው» ብሎ የሚጽፍ ገዢ ነው።

እውነተኛው ወጥመድ ከስክሪኑ በስተጀርባ ነው። ማሽኑን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር፣ ፒኤልሲው፣ ጽሑፍ የሚይዝበት የተለመደው የዳታ ዓይነት ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ይመድባል። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይፈልጋል፤ ያ የ22 ምልክት መልእክታችን 54 ባይት ይሆናል። የተያዘለት ቦታ 32 ባይት ከሆነ «ግፊ» ላይ ይደርስና ከ«ት» አንድ ሦስተኛዋን ብቻ ይዞ ይቆረጣል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የጥያቄ ምልክት ምንጩ ይህ ነው፤ ፎንት መለወጥ አይፈታውም። ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት በዓለም አቀፉ የፒኤልሲ መስፈርት ውስጥ አለ፤ መሣሪያው ካወቀው ያንን መምረጥ ነው።

አቋራጭም አለ፣ አልመክረውም እንጂ። ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ኮዶች ላይ በየራሱ መንገድ ይደረድር ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ፎንት ፓኔል ላይ ቢጫን ስክሪኑ አማርኛ ያሳያል። የአላርም መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን የላቲን ፊደላት ድብልቅልቅ ነው የሚወጣው፤ ያ ፎንት የሌለው ሰው አያነበውም።

የኬንያ ቅድመ ክፍያ የመብራት ቆጣሪ ከዚህ ሁሉ ተገላግሏል። ደንበኛው በስልኩ የሚደርሰውን ባለ 20 አኃዝ ቶክን ቁልፎቹን ተጭኖ ያስገባል፤ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ቋንቋ አይመርጥም።

አላርም በኤስኤምኤስ ሲላክ ደግሞ ናይሮቢና አዲስ አበባ ይገናኛሉ። አንድ መልእክት በስልኩ መደበኛ ሰንጠረዥ 160 ምልክት ይይዛል። አንድ ባለ ሞገድ የኪኩዩ ፊደል ከገባበት መልእክቱ በሙሉ ወደ ዩኒኮድ ይዞርና ልኩ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከዚያ ካለፈ ተከፍሎ ከአንድ በላይ መልእክት ሆኖ ይታሰባል። አማርኛ ከመነሻው በ70 ነው የሚላከው። የእኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቦታ ስለሚያጣምር የፓምፑ መልእክት ከ22 አያልፍም፤ የጣቢያው ስምና ሰዓቱ ቢጨመሩም ቦታ ይተርፋል።