እናት ቤት የገባችው የቴአትር ወረቀት

ቴአትር ስታዩ ተዋናዩ ከኪሱ መዝዞ የሚያነባትን ወረቀት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለክበባችን ያችን ወረቀት የምሠራው እኔ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ አንዷ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ያመጣችብኝን ጣጣ ነው።

ድርሰቱ ሥራ ያጣ ወጣት ሰመራ መቀጠሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰው ይጀምራል። "እውነት ትምሰል!" ተባልኩ።

የድሮ ዘመን ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ ዘዴው ሻይ ነው። ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር ታፈላላችሁ፤ ስኳር ከገባበት ወረቀቱ ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ነክራችሁ ታሰጣላችሁ። የአዋሽ ፀሐይ ቶሎ አድርቆ ያጣምመዋልና በካውያ ተጫኑት። ጽሑፉ ግን የፎቶ ኮፒ ይሁን፤ ኢንክጄት በሚባለው ማተሚያ የወጣ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል። ዘመኑንም አትርሱ። የደርግ ጊዜ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ "ኢትዮጵያ ትቅደም" ከሌለበት የሚያውቅ ሰው ይስቅባችኋል።

የእኔዋ አዲስ ስለነበረች ሻይ አላስፈለጋትም። ቁጥርና ቀን ከላይ በቀኝ፣ "ጉዳዩ" መሐል ላይ፣ ታች "ከሠላምታ ጋር"፣ ግርጌ "ግልባጭ"። ራስጌውን በአማርኛና በአፋርኛ አደረግኩት፤ አፋርኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ አንድ የአፋር ጓደኛዬ አረመልኝ። ማህተሙን ከድንች ቀርጬ ፊርማው ላይ መታሁት። እኔው ራሴ አመንኩት!

ችግሩ ስሙ ላይ ነበር። ተዋናዩን በልምምድ በገዛ ስሙ ስለምንጠራው፣ እኔ ጅሉ ደብዳቤው ላይም ያንኑ ጻፍኩ። እሱ ደግሞ ወረቀቷን ኪሱ ረስቶ ሸሚዙን ለእጥበት ሰጠ። እናቱ አገኟት፤ የጎረቤት ተማሪ አነበበችላቸው። እልል! ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ሰመራ ከአዋሽ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አይደል? ሻንጣም በዱቤ ተገዛ።

ልጁ ሲመጣ ቤቱ ሞልቶ ጠበቀው። በምን አፉ "ቴአትር ነው" ይበል? ማታ እኔ ዘንድ መጥቶ "ገላግለኝ" አለኝ።

ጠዋት አብረን ሄድን። "እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ማህተሙን አገላብጠው አዩት።

"እንዲህ አድርገህ መሥራት ከቻልክ፣ ምናለ እውነተኛውን ብትሠራለት?" አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ሻንጣውን ባለሱቁ መልሶ ተቀበለን። የጎረቤቱን "እንኳን ደስ ያላችሁ" ግን የሚቀበል ሱቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ በሌለ መሥሪያ ቤትና በሌለ ሰው ስም ነው የምጽፈው። ከጀርባው በወፍራም እስክሪብቶ "ለቴአትር ብቻ" እልበታለሁ፤ ተመልካቹ ጀርባውን አያይም። መጋረጃ ሲዘጋም ቆጥሬ እረከባለሁ። ብር ደግሞ ጨርሶ ፎቶ ኮፒ አታድርጉ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ገንዘብ አስመስሎ መሥራትን ይቀጣል። በላስቲክ የታሰረ ባዶ ወረቀት ከሩቅ ይበቃል። ብር የሚጠራ ካለም፣ የ200 ብር ኖት የወጣው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት በሆነ ታሪክ አታስገቡት።

አዎ፣ ወረቀቷ አዳራሹን ታታልል። ሥራችን ነው። ግን ከአዳራሹ በር አትውጣ። ልጇ ሥራ እንዲይዝ የምትጠብቅ እናት በየሰፈሩ አለችና።