70 ኩንታል በአንድ ጆንያ

ከመካነ ሰላም እስከ መቅደላ አምባ በቀጥታ ቢለካ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሞራ ቁርሱን በልቶ ተነሥቶ ምሳውን እዚያ ይበላል። ለእግረኛና ለጭነት ከብት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወሎ ደጋ ሜዳ መስሎ ይሄድ ይሄድና ድንገት ይቆረጣል፤ ታች በሽሎ ይፈሳል፣ ማዶ ሌላ ደጋ ቆሟል። በዚህ አገር መንገድ የሚቆጠረው በቁልቁለትና በዳገት ነው። ይህን ያልያዘ ሰው የ1860ው የመድፍ ነገር አይገባውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ነው። ቶን ለብዙዎቻችን ባዶ ቃል ነውና በኩንታል እንየው፦ 70 ኩንታል። 70 ኩንታል ጤፍ ቢሆን መላ አለው፤ ለ70 በቅሎ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ አንዷ ብትንሸራተት የሚጠፋው አንድ ኩንታል ነው። ሴባስቶፖል ግን 70ው ኩንታል በአንድ ጆንያ ተሰፍቶ የተሰጠ ጭነት ነው። አይከፈልም፣ አይቀነስም።

ለመጎተቱ ከ500 ያላነሰ ሰው ይሰለፍ ነበር። 7,000 ኪሎ ለ500 ሲካፈል ለአንድ ሰው 14 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ሒሳቡን ያየ ሰው «ይኼማ ቀላል ነው» ይላል። ወረቀት ላይ ገደል የለም። ዥጣ ላይ ግን ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ 1,000 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ በሽሎ ደግሞ አለ። ሽቅብ ሲጎትቱት ጉልበት ይፈጃል፣ ቁልቁል ሲይዙት ነፍስ ይፈጃል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ጠረጉ። ደብረ ታቦርን የለቀቁት በመስከረም ማለቂያ ነበር፤ መቅደላ የደረሱት መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ማለትም 24 ሳምንት ያህል ቆይተው ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በዚያው ወራት ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ፣ ሌላ ጭነት እየመጣ ነበር። በቴዎድሮስ ላይ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ሰር ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደርና እጥፍ ያህል አገልጋይ፣ ወደ 40,000 የሚጠጋ ከብት፣ ከዚያም ውስጥ 44 ዝሆን ይዞ ተነሣ። ከ280 በላይ መርከብ ተከራይቷል፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ ሐዲድ ተዘርግቷል። ወጪው መጨረሻ ላይ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሆነ።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ይህ ብዛት አይደለም። የእንግሊዞቹ የተራራ መድፍ አፈሙዝ 150 ፓውንድ፣ ማለት 68 ኪሎ ነው። ከአንድ ኩንታል ያነሰ! የአንዱ ሴባስቶፖል ክብደት የእነዚህን አፈሙዞች መቶ ያህሉን ይወጣዋል። አረሩ ሦስት ኪሎ ከምናምን ብቻ ነው፤ ለዓይን አይሞላም። ነገር ግን በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ይገጣጠማል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይተኩሳል። የባሕር ኃይሉ 12 የሮኬት ቱቦም እንደዚሁ በበቅሎ ነበር የመጣው። ዝሆኖቹ የተሸከሙት ከበድ ያሉትን የአርምስትሮንግ መድፎችና ሞርታሮች ነው። ይህ ሁሉ ዥጣንና በሽሎን የተሻገረው ደግሞ በየትኛው መንገድ ነው? ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል በጠረጉት መንገድ! ጠላት ከኋላ መጥቶ በተጠረገ መንገድ ሄደበት።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ የስቅለት ዕለት፣ ሁለቱ አሮጌ ሜዳ ላይ ተገናኙ። እዚህ ጋ እንግሊዞቹም ያለ ስሕተት አልነበሩም። ኮሎኔል ፌይር ከበሽሎ የሚወጣው ገደላማ መንገድ ተጠብቋል ብሎ መልእክት ላከ፤ ናፒየር አምኖ መድፉንና ጓዙን በዚያ ሰደደ። ሲደርስ እግረኛ ጦር የለም። በቅሎዎቹ ብቻቸውን ብቅ ሲሉ ከፋላ አምባ ሁሉ ይታያል፤ ከላይ ለሚያየው ሰው ጠባቂ የሌለው ምርኮ ነው። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ይዞ ወረደ።

ያን ቀን ማን ማንን መቼ እንደደገፈ ማየት ነው። ከፋላ ላይ የንጉሡ መድፎች ቁልቁል ይተኩሳሉ፤ አረሩ በእንግሊዞቹ ራስ ላይ ያልፋል ወይም መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከትልልቆቹ አንዱ ባሩድ በዝቶበት በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። የገብርዬ ሰዎች የሚገፉት ከኋላቸው ካለው መድፍ ምንም ሳያገኙ ነው። ማዶ ሮኬቱ ያስደነግጣል፣ የተራራው መድፍ ከመንገዱ አፍ ይተኩሳል፣ በኋላው የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ደግሞ የቀረውን ይጨርሳል፤ አንዱ ለሌላው ጊዜ ይገዛለታል። ሲመሽ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሞተዋል፣ 1,200 ያህል ቆስለዋል፤ ገብርዬም ወደቀ። ከእንግሊዞቹ 20 ቆሰሉ፤ ከእነሱ ሁለቱ ሞቱ። ለአንድ 350 ማለት ነው። የፌይር ስሕተት በዚህ ተሸፈነች፤ ሮኬቱ ግማሽ ሰዓት ቢዘገይ ዛሬ የምናነበው ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር ባይ ነኝ።

የፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ራሱ ተደበደበ። መድፉ ሲያጓራ ቆይቶ በሩን አልሰበረም። መሐንዲሶቹ በሩ ሥር ደርሰው ሲያዩ የሚያፈርሱበትን ባሩድና መሰላሉን ረስተው መጥተዋል። 9 ሚሊዮን ፓውንድ፣ 280 መርከብ፣ 44 ዝሆን፤ መሰላል የለም! ወታደሮች በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ፤ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ።

ከዚያ ዘረፋው መጣ። መጽሐፉን፣ ታቦቱን፣ ዘውዱን ወደ ደላንታ ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ፤ እዚያ በሐራጅ ተሸጠ። በቅሎ ላይ የሚጫን ሁሉ ሄደ። ሴባስቶፖል በአንድ በቅሎ አይጫንም፣ በአንድ ዝሆንም አይጫንም፤ እዚያው አምባው ላይ ቀረ።