ድብልብል ያለ ሁሉ መጤ አይደለም



ባለፈው ክረምት ቡራዩ በሰፈራችን መስጂድ፣ ውዱእ ከምናደርግበት ቦታ አጠገብ በተከመረ ስብርባሪ ብሎኬት ስር ግራጫ ፍጥረቶች ተገኙ። ሲነኳቸው እንደ ሽምብራ ድብልብል ይላሉ። አንዱ ወንድም «ከአበባ እርሻ የመጣ መጤ ተባይ ነው፤ ፍሊት ይነፋበት» አለ። ሌላው «ሺ እግር ነው» አለ። ሕፃናት እግራቸውን በሚታጠቡበት ቦታ መርዝ ከመንፋታችን በፊት ምንነቱን እንወቅ ብዬ አንዱን ገለበጥኩት።

እግሮቹ ሰባት ጥንድ ናቸው፤ 14 ማለት ነው። ነፍሳት ያላቸው 6 ብቻ ነው። ሺ እግር ደግሞ በአብዛኛው የሰውነቱ ቀለበት ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር አለው፤ በየሰፈሩ የምናየው ረጅሙም ሲነካ እንደ ምንጣፍ ይጠቀለላል እንጂ ኳስ አይሆንም። የኛው እንግዳ የሸርጣን ዘመድ ነው፤ የብስ ላይ መኖር የለመደ። የሚተነፍሰው ከሆዱ ስር በስተኋላ ባሉ ስስ ክፍሎች ስለሆነ እርጥበት ካጣ ይሞታል። ድብልብል የሚለውም ከጠላት ለመከለል ብቻ ሳይሆን ውሃው እንዳይተንበት ጭምር ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን ከሆዷ ስር ባለ ከረጢት ይዛ ትዞራለች። ሱብሓነላህ!

መጤነቱ ግን በመደብለብል አይታወቅም። ዓለምን ያዳረሰው አርማዲሊዲየም ቩልጋሬ የሜዲትራኒያን ዙሪያ ተወላጅ ነው። ከአፈርና ከችግኝ ጋር ተጉዞ አሜሪካና አውስትራሊያ ገብቷል፤ አርጀንቲና ውስጥ የአኩሪ አተር ቡቃያ ያጠፋል። አፍሪካም የራሷ ድብልብሎች አሏት፤ ዩቤሊዴ የሚባለው ወገን የዚሁ አህጉር ነባር ነው። መለያው አንቴናው ላይ ነው። የቀጭኑ ጫፍ መገጣጠሚያዎች በሜዲትራኒያኑ ሁለት፣ በዩቤሊዴ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ናቸው። ስልክ ላይ የሚለጠፍ ርካሽ ሌንስ ለዚህ ይበቃል። የሜዲትራኒያኑ የጭራ ክፍሎችም ሰፋ ብለው ከሰውነቱ ጠርዝ እኩል ያልቃሉ። ሁለት ሹል ጭራ ወደ ኋላ ወጥቶ ካያችሁና አልደበለበል ካለ፣ ሌላ ዘመዳቸው ነው።

ሰበታና ሱሉልታ የምትኖሩ፣ ችግኝ ስትገዙ ማሰሮውን አንስታችሁ ስሩን እዩልን።

ዋና ምግባቸው የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ ሰው አይነክሱም። ፍሊቱን ትተን ብሎኬቱን አነሳን፣ የተደፈነውን የውሃ መውረጃም ከፈትን። በሳምንቱ ብፈልግ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው።