በሱለይ ሙቀት ዶሮ ማስታቀፍ

ከሪያድ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ መጋዘኖችና ጋራዦች በተደረደሩበት የሱለይ ሠፈር፣ ግቢ እየጠበቀ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ዶሮዎች ማርባት ቢጀምር፣ ከእነርሱ አንዷ አንድ ቀን ከጎጆዋ አልነሣም ማለቷ አይቀርም። ላባዋን ትነፋለች፤ ድምፅዋ ይለወጣል፤ እጅ ሲዘረጋላት ትቆጣለች፤ ከደረቷ ሥር ላባዋ ረግፎ ቆዳዋ ይታያል። በወሎ ወይም በጎጃም ያደገ ሰው ይህን ምልክት ለማወቅ አይቸገርም። እናቱ ስታስታቅፍ በልጅነቱ አይቷል፤ ራሱ ግን እንቁላል መርጦ፣ ቀን ቆጥሮ አስታቅፎ አያውቅም። ከአገር ቤት ይዞት የሄደው ትዝታም ግማሹ ሲያገለግለው ግማሹ ያሳስተዋል።

የሚያገለግለው በመጀመሪያ የዶሮ ምርጫው ነው። እኛ የሐበሻ ዶሮ እንደምንለው ሁሉ ሳዑዲዎችም የአገራቸውን ዶሮ በለዲ ይሏታል፤ ለመታቀፍ የምትመረጠውም እንዲህ ያለችው ናት። ታቃፊ ዶሮ እንቁላል መጣል ስለምታቆም፣ ለእንቁላል ምርት ተመርጠው የተራቡት ዝርያዎች ይህን ጠባይ ከሞላ ጎደል አጥተውታል። በአገር ቤትም ቢሆን እንቁላሉን የምትፈልግ የቤት እመቤት ታቃፊዋን ውሃ ውስጥ እየነከረች ወይም ለጎረቤት እያዋሰች ጠባይዋን ልታስረሳት መሞከሯ የተለመደ ነው። ግብፃውያን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በኩበት በሚሞቁ ምድጃዎች ጫጩት በመፈልፈል ዶሮዋን ከዚህ ሥራ አሳርፈዋታል።

የቀን መቁጠሪያውም በአጋጣሚ ይገጥማል። በአማራ ክልል ብዙ ገበሬዎች ከጥቅምት እስከ ጥር ማስታቀፍን ይመርጣሉ፤ እህሉ ተወቅቶ ፍርፋሪ የሚገኝበት፣ ዝናቡ የቆመበትና የፈንግል ሥጋት የሚቀንስበት ወቅት ነውና። በሪያድም የሚመረጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እዚያ ዋናው ጠላት ሙቀቱ ነው።

በእንቁላል ውስጥ ያለው ሽል ለማደግ የሚስማማው 37 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከ20ዎቹ አጋማሽ በላይ ባለ ሙቀት ግን ዶሮዋ ሳትታቀፈውም ዕድገቱ ይጀመራል። በአገር ቤት ደጋ እንቁላል በጓዳ ጥግ ሳምንት ቢቀመጥ ሽሉ ተኝቶ ይቆያል። በሰኔና በሐምሌ የቀኑ ሙቀት አዘውትሮ ከ43 ዲግሪ በሚያልፍበት በሪያድ ግን በጥላ ሥር የተቀመጠ እንቁላል ያለ ዶሮ ይነቃል፤ ሌሊት ሲበርድ ይቆማል፤ በማግሥቱ እንደገና ይነሣል፤ በመጨረሻም ይሞታል። አስታቃፊው አሥራ ሁለት እንቁላል አስታቅፌአለሁ ብሎ ሲቆጥር፣ ግማሹ ከመጀመሪያዋ ሰዓት በፊት የሞተ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚታቀፈው እንቁላል ጠዋት ተሰብስቦ፣ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ተቀምጦ፣ ሳምንት ሳይሞላው መታቀፍ ይኖርበታል። ከሱቅ የሚገዛው እንቁላል ግን አብዛኛውን ጊዜ አውራ ዶሮ ያላየችው ዶሮ የጣለችው ስለሆነ ለዚህ አይበጅም።

ዶሮዋም ከሙቀቱ አታመልጥም። በብረት ጣሪያ ሥር፣ በተዘጋ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠች ታቃፊ እንቁላሏን ትታ ከመነሣት ይልቅ አፏን ከፍታ እያለከለከች እዚያው ልትሞት ትችላለች። የእናትነት ጽናቷ ራሷን የሚያጠፋበት ሁኔታ ነው፤ ይህን መከላከልም የአስታቃፊው እንጂ የእርሷ ኃላፊነት አይደለም። በግድግዳ ጥላ ሥር፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ውሃና ጥሬ ከአጠገቧ አድርጎ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ሁለተኛው ልዩነት እርጥበት ነው። በአገር ቤት ክረምት ላይ ጭዱ እንዳይርስ ይጠነቀቃሉ፤ በበጋው ሪያድ ግን የአየሩ እርጥበት 10 በመቶ አካባቢ ይወርዳል። እንቁላል በመታቀፊያው ጊዜ ከክብደቱ ከ12 እስከ 14 በመቶ ያህል ውሃ ማጣቱ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጫጩቱ በደረቀው ስስ ሽፋን ተጣብቆ ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሸክላ ወጭት ወይም በሳፋ ላይ ረጠብ ያለ አሸዋ አንጥፎ፣ ጭዱን ከላይ ማድረግና አሸዋውን ከዳር በኩል አልፎ አልፎ ማርጠብ ነው።

የቀረው ሥርዓት እናቶች የሚያውቁት ነው። ዶሮዋ ወደ አዲሱ ጎጆ የምትዛወረው በሌሊት ነው፤ መቀመጧ እስኪረጋገጥ ጥቂት የማይፈለጉ እንቁላሎች ይሰጧታል፤ ከዚያ እውነተኞቹ በአንድ ቀን ሁሉም ይገባሉ። እንቁላሎቹ አይታጠቡም። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልባት እንዲለይ በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸዋል። በሰባተኛው ሌሊት በስልክ መብራት ሲታዩ የደም ሥር የሌለበት እንቁላል ይወጣል። ታቃፊዋ በቀን አንድ ጊዜ ለሩብ ወይም ለግማሽ ሰዓት ተነሥታ ትበላለች፤ ያን ጊዜ ፈርቶ የሚመልሳት ጀማሪ ብዙ ነው፤ መልቀቅ ይሻላል።

ዶሮዋን ወይም እንቁላሉን ከገበያ የሚያመጣ ሰው አንድ ነገር አይዘንጋ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 በሪያድ አዚዚያ በሚገኘው የወፍ ገበያ ኤች5ኤን8 የተባለው የወፍ ጉንፋን ተገኝቶ ነበር። አዲስ የገዛትን ዶሮ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ማቆየት፣ ብዙ ወፎች ታመው ከታዩም ነካክቶ ከመሸጥ ለአገሩ የእንስሳት ጤና አካል ማሳወቅ ይገባል።

በሃያኛውና በሃያ አንደኛው ቀን ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ እጅ ያሳክካል። ጫጩቱ ከስንጥቅ እስከ መውጣት አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድበት ይችላል፤ ፈልቅቆ የሚያወጣው ሰው ደም ያፈስሰዋል። የወጡትም አስኳሉን በሆዳቸው ይዘው ስለሚወጡ ለሁለት ቀን ያህል ምግብ ባያገኙ አይራቡም፤ ውሃው ግን እንዳይሰምጡበት ጠጠር በተበተነበት ዝርግ ዕቃ ይቅረብላቸው። በአገር ቤት ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ለአቅመ ቄብ ሳይደርሱ በበሽታ፣ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ ይጠፋሉ፤ በሱለይ ጭልፊቷን የምትተካው የመንገድ ድመት ናት፤ ስለዚህ ሌሊት ሽቦ ያስፈልጋል።

ሳይፈለፈሉ የቀሩት እንቁላሎች ከመጣላቸው በፊት ከግቢው ራቅ ብሎ ቢሰበሩ ብዙ ይናገራሉ። ጥርት ያለ ከሆነ ጉድለቱ የአውራ ዶሮው ነው። የደም ቀለበት ከታየ ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል፤ ሙቀት ወይም ረጅም ማቆየት ይጠረጠራል። ሙሉ ጫጩት ደርቆ ከተገኘ ደግሞ አሸዋው ደርቆ ነበር ማለት ነው፤ ለሚቀጥለው ታቃፊ ውሃው ይጨመራል።