የእንግሊዝኛ ቃላት ፍካሬ፦ ተረትና እውነታ

የማንኛውም ቃል ፍቺ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ነው፤ የሥነ ልሳን መጻሕፍት እማሬያዊ ፍቺ ይሉታል። ሌላው ከቃሉ ጋር አብሮ የሚመጣው ስሜት፣ ማለትም አክብሮቱ፣ ንቀቱ፣ ፍርሃቱ ወይም ፍቅሩ ሲሆን ፍካሬያዊ ፍቺ ይባላል። እንግሊዝኛን ከመማሪያ መጽሐፍ ያጠና ሰው የመጀመሪያውን አሳምሮ ይዞ ሁለተኛውን ለዓመታት ላያውቀው ይችላል፤ ፈተና ላይ የሚጠየቀው እማሬው ነውና። ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ከሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች ብዙዎቹ የተወለዱት ከዚህ ክፍተት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በጣም የተስፋፋው እምነት ተመሳሳይ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል የሚለው ነው። «ተመሳሳዩን ስጡ» የሚለው የክፍል ውስጥ ልምምድ ይህን እምነት አጽንቶታል። «ትሪፍቲ»፣ «ፍሩጋል»፣ «ቺፕ» እና «ስቲንጂ» አራቱም ገንዘቡን በቀላሉ የማያወጣ ሰውን ያመለክታሉ። ሁለቱ ግን ቆጣቢ ብለው ያመሰግኑታል፣ ሁለቱ ቆንቋና ብለው ይሰድቡታል። «ቻይልድላይክ» የተባለ አዋቂ የልጅ ንጹሕ ልብ አለው ተብሏል፤ «ቻይልዲሽ» የተባለ ግን ዕድሜውን የማይመጥን ጠባይ አሳይቷል። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ይህን ነገር በቀልድ መልክ እንደ ግሥ እርባታ አቅርቦት ነበር፤ አንዱ ጠባይ በአንደኛ መደብ ጽናት፣ በሁለተኛው ግትርነት፣ በሦስተኛው ደግሞ ድድብና ሆኖ ይረባል። ጠባዩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ከሰውየው ጋር ያለው ቅርበት ነው።

ሁለተኛው እምነት ከፊተኛው ይበልጥ ያሳስታል፤ ቃል በራሱ ክፉ ወይም ደግ ነው ይላል። «ፖዘቲቭ» በስብሰባ አዳራሽ ተስፋ ሰጪ ቃል ነው፤ በላቦራቶሪ ውጤት ላይ ግን ብዙ ጊዜ በሽታው ተገኝቷል ማለት ነው። «አግረሲቭ» የተባለ የአሜሪካ ሻጭ ተመስግኗል፤ «አግረሲቭ» የተባለ ዕጢ በፍጥነት ይስፋፋል፤ «አግረሲቭ» የተባለ ሕክምና ደግሞ በሽታውን በሙሉ ኃይል የሚያጠቃ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ ቅርብ የሆነው ምሳሌ «ፔዛንት» ነው። ቃሉ መሬት አርሶ የሚኖርን ሰው ያመለክታል። በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ በእንግሊዝኛ ቅጂው የገበሬ ማኅበራትን የጠራው በዚህ ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የተጻፉ ጥናቶችና ሪፖርቶችም በዚሁ ቃል የተሞሉ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2018 የገበሬዎችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ በርእሱ ላይ ያሰፈረው ይህንኑ ቃል ነው፤ መግለጫው እንዲወጣ የታገሉት የገበሬ ንቅናቄዎችም ስሙን በኩራት ይዘውታል። በእንግሊዝ አገር ጭውውት ውስጥ ግን አንድን ሰው «ፔዛንት» ማለት ያልሠለጠነ፣ ባለጌ ብሎ መስደብ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከአዋጅና ከጥናት የለመደ ባለሙያ እንግሊዝ ውስጥ እርሻ ያለውን ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ ቢጠራው፣ በእማሬው አልተሳሳተም፤ ሰውየው ግን በትክክል ይቀየማል። እዚያ የሚባለው «ፋርመር» ነው። «ከለርድ» የሚለው ቃልም እንደዚሁ ነው። በደቡብ አፍሪካ ራሱን የቻለ የአንድ ማኅበረሰብ መጠሪያ ሲሆን፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ ዛሬ ጥቁር ሰውን በዚህ ቃል መጥራት ያስቀይማል።

እንግሊዝኛ የትም አንድ ነው፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ልዩነት ከፊደል አጻጻፍና ከድምፅ አያልፍም የሚለው እምነትም እውነታውን አይገልጽም። «ስኪም» ለእንግሊዛዊ የጡረታ ወይም የመድን ዕቅድን የሚያህል ንጹሕ ነገር ነው፤ አሜሪካዊ ግን ተንኮል ይሸተዋል። የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በእንግሊዝኛ ሲጽፉ የሚጠቀሙት የእንግሊዞቹን ነው፤ ለአሜሪካዊ አንባቢ «ፕላን» ቢሉት ይሻላል። «ሆምሊ» በእንግሊዝ የሚሞቅ፣ ደስ የሚል ቤትን ሲያወድስ፣ በአሜሪካ መልከ ጥፉ ሴትን ይገልጻል። «ክዋይት ጉድ» በአሜሪካዊ አፍ «በጣም ጥሩ» ሲሆን፣ ከእንግሊዛዊ አፍ ሲወጣ ብዙ ጊዜ «ምንም አይልም» ከሚለው ብዙ አይርቅም።

ይህ ልዩነት ከመቀያየም አልፎ ደም ያፋሰሰበት ጊዜ አለ። በሚያዝያ 1951፣ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኢምጂን ወንዝ ላይ የቻይና ጦር የእንግሊዝን ብርጌድ አጥቅቶ ግሎስተር የተባለውን ሻለቃ ከበበው። የብርጌዱ አዛዥ ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላይ አዛዥ ሁኔታው «ስቲኪ» ሆኗል ብለው አስታወቁ። በእንግሊዝ መኮንኖች አነጋገር፣ መከራን አሳንሶ መናገር የጨዋ ደንብ በሆነበት ቋንቋ፣ ይህ ልናልቅ ነው ማለት ነበር። አሜሪካዊው የሰማው ግን ትንሽ አስቸጋሪ ነው የሚለውን ነው። ለደረሰው ጥፋት ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም፣ ሻለቃው በጊዜ አልወጣም፤ አብዛኛው ተማረከ። ዊንስተን ቸርችልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማስታወሻቸው የሁለቱ አገሮች ሹማምንት «ቴብል» በሚለው ግሥ ምክንያት ረጅምና መራራ ክርክር እንደገጠሙ ጽፈዋል። ለእንግሊዞቹ ሰነዱን አሁኑኑ ለውይይት ማቅረብ ነበር፣ ለአሜሪካውያኑ ደግሞ ወደ ጎን ማቆየት። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር።

የተማሩ ሰዎች የሚወዱት ሌላ እምነት ደግሞ የቃል እውነተኛ ፍቺ የጥንቱ ነው ይላል። «ሲሊ» በጥንታዊ እንግሊዝኛ ብፁዕ ማለት ነበር፣ ዛሬ ቂል ነው። «ናይስ» ምንም የማያውቅ ከሚል የላቲን ቃል መጥቶ ዛሬ ደግ ሆኗል። «ፕሮፓጋንዳ» በ1622 እምነትን ለማስፋፋት ከተቋቋመ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስም የወጣ ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የውሸት ሽታ ያዘ። አንዳንዱ ለውጥ አንድ ትውልድ እንኳ አይፈጅም። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1930 «ኒግሮ» የሚለውን ቃል በትልቅ ፊደል መጀመር ሲወስን አክብሮትን ለማሳየት ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግም በ1963ቱ የዋሽንግተን ንግግራቸው ተጠቅመውበታል። በ1960ዎቹ መጨረሻ «ብላክ»፣ ቀድሞ ብዙዎች የሚሸሹት ቃል፣ የኩራት መጠሪያ ሆኖ ተተካ፤ በ1988 ደግሞ ጄሲ ጃክሰን «አፍሪካን አሜሪካን» እንዲባል ቀሰቀሱ። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት «ኒግሮ» የሚለውን ቃል ከመጠይቆቹ እንደሚያወጣ ያስታወቀው በ2013 ነው። በ1944 የተመሠረተው የጥቁር ኮሌጆች ፈንድ ግን ቃሉን በስሙ ውስጥ እንዳቆየው አለ፤ እዚያ የተቋም ታሪክ ስለሆነ ማንንም አይሰድብም። ከድሮ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ተምሮ አሜሪካ የገባ ሰው ይህን ሳያውቅ አፉ ቢያመልጠው፣ መጽሐፉ ትክክል እንደነበረ ማስረዳቱ ብዙ አይጠቅመውም።

ፍካሬን ከሰምና ወርቅ ጋር ማመሳሰልም ልማድ ሆኗል። በቅኔ ወርቁን የሚያኖረው ባለቅኔው ነው፤ ፍካሬን ግን ያከማቹት በቃሉ ሲጠቀሙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ተናጋሪው ባያስበውም አብሮ ይመጣል። ስለዚህም ፍካሬ የግል ስሜት ብቻ ነው፣ ሊጠና አይችልም መባሉ ልክ አይደለም። በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመሩት ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን በኮምፒዩተር ሰብስቦ በ1987 ኮቢልድ የተባለውን መዝገበ ቃላት አሳተመ። እንዲህ ባለ ክምችት ሲታይ «ኮዝ» የሚለው ግሥ በአብዛኛው አደጋን፣ ችግርንና ሞትን አስከትሎ ይገኛል፤ በፍቺው ግን ክፉ የሚል ነገር የለም። አማርኛም ይህ አለው፦ «ለችግር ዳረገው» ይባላል እንጂ «ለሹመት ዳረገው» አይባልም።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቃላትን በዐውዳቸው የሚያሳይ አንድ ትልቅ ሥራ በ1973 የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የዐውድ መዝገበ ቃላት ነው። ሌስላው ቃሉን ብቻውን ከመፍታት ይልቅ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባዋል፤ አንዱ የእንግሊዝኛ ግሥ እንደየዓረፍተ ነገሩ የተለያየ የአማርኛ ግሥ ሲይዝ ይታያል። ከዚያ ወዲህ ስሜታቸው የተለወጠ ቃላት ግን በየጊዜው በሚታደሱት የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ውስጥ መፈለግ አለባቸው፤ የኦክስፎርዱን የመሳሰሉት ከቃሉ አጠገብ የሚነቅፍ፣ የሚያመሰግን፣ ያረጀ ወይም የሚያስቀይም መሆኑን ይጠቁማሉ።